በሙቀት የተገዛ ዕድሜ

በጥገና ሙያ አብረን ጠጉራችን የሸበተ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ ስለከበደኝ ይህን እጽፍላችኋለሁ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመር የሚዘረጋ፣ ወይም ፋኑ እየዞረ ምስል የማይሰጥ ላፕቶፕ ሲመጣልን፣ ማዘርቦርዱን አውጥተን የግራፊክስ ቺፑን በሂት ጋን አግለን፣ ምስሉ ሲመለስ «ተሠርቷል» ብለን ሙሉ ዋጋ መቀበል ልማዳችን እየሆነ ነው። ልማድ የሆነ ጥፋት ደግሞ ጥፋትነቱ የሚታወቀው ከመሸ በኋላ ነው።

ይህ የግራፊክስ ቺፕ መከራ ዛሬ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የተሠሩበት ቁስ ድክመት እንዳለበት ገልጦ፣ ለጥገናና ለመተኪያ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ከኤችፒ ፓቪሊዮን ዲቪ6000ና ዲቪ9000፣ ከዴል ደግሞ ኤክስፒኤስ ኤም1330 በዚያ ዘመን ስማቸው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2015ም አፕል ከ2011 እስከ 2013 በተሠሩ አንዳንድ የማክቡክ ፕሮ ምርቶቹ ላይ ለታየ ተመሳሳይ ችግር ነጻ ጥገና ጀመረ። ከዱባይ በእጅ ለመጣ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ለላከው ላፕቶፕ ግን እንዲህ ያለው ዋስትና ሩቅ ነውና፣ ባለቤቱ የሚያንኳኳው ደጅ የእኛው ብቻ ነበር፤ ዛሬም እንዲያው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ብናየው፣ ሲሊኮኑና የተቀመጠበት ሰሌዳ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፣ ሲበርዱም እኩል አይሰበሰቡም፤ ስለዚህ በተበራና በጠፋ ቁጥር በመካከላቸው ያሉት ደቃቅ የብየዳ ነጥቦች ጥቂት በጥቂት ይሰነጠቃሉ። ሂት ጋን የተሰነጠቀውን ለጊዜው ያነካካዋል እንጂ አያድነውም፤ ቺፑን አንሥተን ከሥሩ ያሉትን የብየዳ ኳሶች በሙሉ ብንቀይር እንኳ፣ ስንጥቁ ከዚያ በላይ፣ ቺፑ ውስጥ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። እርሳስ የሌለበት ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑም፣ ያንን ለመድረስ የምንለቀው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ካፓሲተርና ሶኬት ይጎዳል፣ ቦርዱንም ያጎብጣል።

እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ጥቂት ሳምንታት የቀራትን ተማሪ አስቡ። ላፕቶፑ ዳነልኝ ብላ ገንዘቧን ከፍላ ትሄዳለች፤ ከሳምንታት በኋላ፣ ምናልባትም በማስረከቢያዋ ዋዜማ፣ ስክሪኑ ዳግመኛ ይጨልማል። ዲስኩ የሚወጣ ከሆነ ጽሑፉ ይተርፋል፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ከቦርዱ ጋር ሊቀር ይችላል። ምስሉ በተመለሰባት በዚያች አጭር ጊዜ ሁሉን መገልበጥ ትችል ነበር፤ ያልገለበጠችው ጊዜው አጭር መሆኑን የነገራት ስላልነበረ ነው።

ከዚህ መንገድ ለመመለስ ዛሬም አልዘገየንም። አስቀድመን ላፕቶፑን ከውጭ ሞኒተር ጋር እናገናኘው፤ እዚያ ጥርት ያለ ምስል ከሰጠ ጥፋቱ የስክሪኑ ወይም የኬብሉ ሊሆን ስለሚችል ቺፑን በከንቱ አናቃጥል። ሌላ ነገር ከመንካታችን በፊት የባለቤቱን ፋይል እናውጣ። የፋኑን አቧራ ጠርገን ቴርማል ፔስቱን እናድስ፤ ይህ የተሰነጠቀውን ባይመልስም ገና ያልተሰነጠቀውን ያቆያል። ሁለት ግራፊክስ ካለውና ሞዴሉ ከፈቀደ፣ የታመመውን ዘግተን በሌላው እናስነሣው። መቀየር ካስፈለገም ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለውን ሳይሆን አዲስ ቺፕ እንፈልግ፤ ወጪው ከላፕቶፑ ዋጋ ከበለጠም «ገንዘብህን አታባክን» ለማለት አንፈር።

ማሞቅ ግድ ከሆነብንም፣ ጊዜያዊ መሆኑን ደረሰኙ ላይ እንጻፍ፣ ዋጋውንም የጊዜያዊ ሥራ ዋጋ እናድርገው። ይህ ከዛሬ ገቢያችን ይቀንስ ይሆናል። ዝም ካልን ግን የሚታመን ጠጋኝ ይጠፋል፤ ከጎናችን ቆመው እጃችንን የሚያዩት ልጆችም ቺፕ ማሞቅን ጥገና ብለው ይይዙታል። ከእኛ ሳይወርሱት እንተወው።