ሚኒስትር የሚያደርገው ወረቀት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 አስከሬን ተገኘ። ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጎንደር አካባቢ ውዛባ የተወለዱት ፕኒና ታማኖ ሻታ በእስራኤል የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ለሁለተኛው ዜና አገር እልል አለ። ለሳውዝ፣ ማለትም ለደቡብ አፍሪካ መንገድ ልጁን የሸኘ የሆሳዕና አካባቢ የሌሞ ገበሬ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው።

ታማኖ ሻታ በሕፃንነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ሱዳን ገብተው ቤተ እስራኤላውያንን ከዚያ ባወጣው የሙሴ ዘመቻ እስራኤል ደረሱ። ሕግ ተማሩ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆኑ፣ በ2013 ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ ደም ሊለግሱ ሄደው ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም እንደማይወሰድ ተነገራቸው። ሲከራከሩ ይወሰድና ይቀመጥ፣ ለሕመምተኛ ግን አይሰጥም ተባለ። የሕዝብ እንደራሴ ናቸው እንግዲህ!

ይህን ሁሉ በጽናት አለፉት ማለት ይቀናል፤ እውነትም ነው። ግን ጽናት ከሆሳዕና ልጆች መቼ ጠፋ? አባቱ በሬ ሸጦ ለደላላ ከፍሎለት፣ በሞያሌ ወጥቶ ታንዛኒያንና ማላዊን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ የገባ ወጣት፣ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ከንጋት እስከ ምሽት ዳቦና ስኳር ይሸጣል። ልዩነቱ ወረቀት ነው። ታማኖ ሻታ የገቡት አይሁዳዊን ሁሉ ዜጋ የሚያደርግ ሕግ ወዳለበት አገር ነው። የሳውዙ ልጅ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ ይኖራል፣ እሱም ከተገኘ። እስራኤልም ብትሆን ለሁሉም ደግ አይደለችም፤ በሲና በረሃ አቋርጠው ከገቡት ኤርትራውያን ስደተኛ ብላ የተቀበለቻቸው እጅግ ጥቂቶችን ነው።

ከሶማሊያ በ16 ዓመታቸው ካናዳ የገቡት አሕመድ ሁሴንም በ2017 የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሆነዋል። ስደተኛ ሲሾም የስደተኞች ወንበር መሰጠቱ ግን ፈገግ ያሰኛል። ገንዘብ ወይም መከላከያ ቢባልስ?

ወደ ሳውዙ ወረቀት ስንመለስ፣ የደቡብ አፍሪካ ሕግ እዚያ ተወልዶ ያደገ የውጭ ዜጋ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ዜግነት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው ልደቱ መመዝገቡ ነው። የወላጆቹ ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ደግሞ ምዝገባው ራሱ ትልቅ ጣጣ ነው።