ክብ ግድግዳ በቀጥታው ዋጋ አያልቅም

“ፒያሳ” የሚለው ስም ከጣሊያንኛ እንደተወረሰ ሁሉ፣ የግድግዳና የወለል መገናኛ ላይ የሚለጠፈው “ዞኮሎ”ም የዚያው ቋንቋ ቅርስ ነው። በሐዋሳ ፒያሳ ለኪራይ የሚሆን ሕንፃ የሚያሠራ ባለሀብት ግን ስለ ዞኮሎ የሚያስበው ሲሚንቶው፣ ብረቱና መስታወቱ ካለቀ በኋላ ነው። በጀቱ ተሟጦ፣ ተከራዩም ቁልፍ በሚጠይቅበት በዚያ ሰዓት አንድ ጭቅጭቅ ይነሳል። የክቡን ግድግዳ ተጨማሪ ወጪ ማን ይክፈል?

ጉዳዩ ከውበት ይልቅ የሒሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ ዞኮሎን በሜትር ይተምናል፤ ቀጥ ያለውንም ክቡንም በአንድ ዋጋ። በመንገድ ማዕዘን ላይ የሚገኝ ሱቅ ግድግዳው በ3 ሜትር ራዲየስ ሩብ ክብ ሆኖ ተሠራ እንበል። ርዝመቱ 4.71 ሜትር ይሆናል። በ60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ቢለጠፍ 8 ቁራጭ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ከውስጥ በኩል ከእያንዳንዱ ቁራጭ ወገብ በስተጀርባ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ቁራጩ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክፍተቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የቁራጩ ብዛት በአንፃሩ ከ8 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 32 ያድጋል። ሜትሩ ያው ነው፤ የሚቆረጠውና የሚገጠመው ግን አራት እጥፍ ሆኗል።

ዋጋው ይህን ልዩነት ካላወቀው ሠራተኛው ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ ከኪሱ መክሰር፣ ወይ ትልልቁን ቁራጭ ለጥፎ ክፍተቱን በስቱኮ መድፈን። ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚደንቅ አይሆንም። ስቱኮው ሲሰነጠቅና ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውኃ ሲገባበት ግን ዕዳው ወደ ባለሕንፃው ይመለሳል።

ሌላ ዕቃ መምረጥም ነፃ መውጫ አይደለም። እንጨት ከጀርባው በመጋዝ ተሰንጥቆ ወይም ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቦ በሙጫ ሲጣበቅ ይታጠፋል፤ ጊዜና የሠለጠነ እጅ ግን ይጠይቃል። ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ያብጣል። በቦታው የሚፈስ ቴራዞ ክቡን ያለ መጋጠሚያ ይከተላል፤ እስኪደርቅና እስኪሞረድ መጠበቅ ግን ግድ ነው። ተጣጣፊው ፕላስቲክ ለመግጠም ከሁሉም ይቀላል፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው የዶላርን መንገድ ይከተላል። ከወራት በፊት በሰጠው ዋጋ የታሰረ ኮንትራክተር ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል?

ይህ ሁሉ ክብ ግድግዳ ይቅር ለማለት አይደለም። በገበያ ማዕዘን ላይ የቆመ ክብ ሕንፃ ዓይን ይስባል፤ ዓይን የሳበ ሱቅ ደግሞ ተከራይ አያጣም። ለሲዳማም ክብ ቤት እንግዳ አይደለም። የባህላዊው የቀርከሃ ቤት ሠሪ ክቡን ሲያስብ የሚታጠፈውን ቀርከሃ አብሮ ያስባል። የዛሬው ባለሕንፃ ግን ቅርፁን መጀመሪያ ይመርጥና የሚስማማውን ዕቃ የማግኘቱን ጣጣ ለመጨረሻው ሠራተኛ ይተውለታል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የክቡ ዞኮሎ ከቀጥታው ተለይቶ በራሱ መስመር፣ በራሱ ዋጋ ይጻፍ። ዕቃው ንድፉ ሲጸድቅ ይመረጥ፤ የብክነቱም ድርሻ የማን እንደሆነ ውሉ ይናገር። ከመፈራረም በፊት አንድ ሜትር ለናሙና ተለጥፎ ይታይ። ዋጋው ከበደ ከተባለም ግርጌውን በሲሚንቶ ለስኖ በዘይት ቀለም መቀባት ከተሰነጠቀ ሴራሚክ ይሻላል።

ሕንፃ የሚገዛ ባለሀብትም ሆነ የሚያገናኘው ደላላ ከፊት ለፊት መስታወቱ አሻግሮ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ግርጌ ቢያይ አይጎዳም። እዚያ የተደፈነ ክፍተት ካለ፣ ሌላም የተደፈነ ነገር ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በውል ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ግድግዳ አፍርሶ እንደገና ከመለጠፍ ሁልጊዜ ይረክሳል።