የውሃና የአፈር ምርመራ ውጤት በጊዜው ይድረስ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለብዙ ነገር ይነገራል፤ ነገር ግን ዛሬ ልንጽፍበት ለተነሣነው ጉዳይ በተለይ የተባለ ይመስላል። ከአንድ መንደር ጉድጓድ የውሃ ናሙና ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ከተላከ በኋላ መልሱ በአራተኛው ወር ቢመጣ፥ የመንደሩ ሕፃናት ያንን ውሃ አራት ወር ሙሉ ጠጥተውታል። መልሱ «ውሃው ደኅና ነው» የሚል ቢሆን እሰየው እንላለን፤ «እርሳስ አለበት» የሚል ቢሆን ግን ያለፈውን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ የላቦራቶሪ ሥራ መቀላጠፍ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና አጠባበቅ ዋና ክፍል ነው ስንል፥ እንደ ማጋነን እንዳይቈጠርብን አንባቢዎቻችንን እንለምናለን።

ሁላችንም እንደምናውቀው፥ ተቅማጥንና የመሳሰሉትን በሽታዎች የሚያመጡት ጥቃቅን ተሕዋስያን ውሃው በሚገባ ሲፈላ ይሞታሉ። እርሳስ፥ ካድሚየምና አርሴኒክ ግን ሕይወት የሌላቸው ስለ ሆኑ በእሳት አይሞቱም፤ እንዲያውም ውሃው ሲፈላ በእንፋሎት እየቀነሰ ስለሚሄድ በቀረው ውሃ ውስጥ መጠናቸው ይበዛል። በዓይን አይታዩም፤ በአፍንጫ አይሸተቱም፤ በምላስም አይለዩም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለእርሳስና ለአርሴኒክ ያመለከተው ወሰን በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። እርሳስ በተለይ በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አእምሮ ስለሚጎዳ፥ ለሕፃናት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም። መምህሩ «ሰነፍ ነው፥ ልቡ ከትምህርቱ ላይ አይደለም» ብሎ ከሚወቅሳቸው ተማሪዎች አንዳንዱ፥ ምናልባት ከሚጠጣው ውሃ ወይም ከሚጫወትበት አፈር የተነሣ ተጎድቶ ይሆናል።

ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር ለመለየት የሚችለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ሥራውም አንባቢ እንደሚያስበው ናሙናውን ከመሣሪያ ውስጥ አግብቶ ቍጥር ማንበብ ብቻ አይደለም። አፈሩ አስቀድሞ መድረቅ፥ መፈጨትና በወንፊት መነፋት አለበት፤ ከዚያም ብረቱ ከአፈሩ እንዲላቀቅ በብርቱ አሲድ ይቀቀላል፤ ይጠለላል፤ መጠኑ በታወቀ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። የሚለካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ ያስታወቀው የአቶሚክ አብዞርፕሽን ዘዴ ለዚህ ምርመራ ታላቅ በር ከፈተ፤ ይኸውም ናሙናውን በብርቱ ግለት ወደ እንፋሎት ለውጦ፥ የአንዱ ብረት የተለየ ብርሃን ምን ያህል እንደ ተዋጠ በመለካት መጠኑን ያሳውቃል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አንድ ብረት ባንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ 40 ናሙና ለ6 ብረታ ብረት ይመርመር ቢባል 240 ልኬት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የመጡት፥ ከአርጎን ጋዝ በሚፈጠር እጅግ የጋለ ፕላዝማ የሚሠሩት መሣሪያዎች ብዙ ብረታ ብረት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አከታትለው ወይም ባንድነት ስለሚለኩ፥ ያው ሥራ በ40 ልኬት ይፈጸማል።

ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች «እንግዲያውስ መድኃኒቱ አዲሱን መሣሪያ መግዛት ነው» ይላሉ። የኛ አሳብ ግን ከዚህ ይለያል። መሣሪያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልኬቱ የሚፈጀው ደቂቃዎችን ሲሆን፥ ናሙናው የሚዘገየው በሌላ ቦታ ነው። ምልክት ሳይጻፍበት የመጣ ጠርሙስ የማን እንደ ሆነ እስኪጣራ ይቀመጣል፤ እርጥብ ሆኖ የመጣ አፈር እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ የአርጎኑ ጋዝ አልቆ ሌላ እስኪመጣ መሣሪያው ሥራ ይፈታል፤ ውጤቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ፊርማ ሲጠብቅ በመዝገብ ውስጥ ይሰነብታል። ፈጣን መሣሪያ ሥርዓት በሌለው ቤት ውስጥ ቢገባ፥ ፈጣን ፈረስ በጭቃ ላይ እንደ ማሰር ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው አስቀድሞ የሥራው ሥርዓት መስተካከል አለበት እንላለን።

የመጀመሪያው ሥርዓት ወደ ላቦራቶሪ ከመላክ በፊት በቦታው መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ሰሜን ምዕራብ፥ በዛምፋራ ግዛት፥ ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በመንደር ውስጥ ሲፈጩ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ እንደ ዱቄት በየግቢው ተበትኖ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ ግቢ አፈር ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ይላክ ቢባል ኖሮ ጥፋቱ በበዛ ነበር። ባለሙያዎች በእጅ በሚያዝ የራጅ ብርሃን መሣሪያ አፈሩን በየግቢው እየለኩ የተበከለውን ወዲያው ለዩ፤ የተበከለውም አፈር እየተዛቀ ተቀበረ።

በባንግላዴሽም ሰዎች ከተበከለ ኩሬ እንዲድኑ ተብሎ የተቈፈሩት ጉድጓዶች አርሴኒክ ያለባቸው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ። ኋላም ቀለሙ በሚለወጥ ወረቀት በሚሠራ ቀላል የመስክ መመርመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው፥ በአንድ ሊትር 0.05 ሚሊግራም ከሆነው ከአገሪቱ ወሰን ያለፉት ቀይ፥ ያላለፉት አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከየትኛው እንደሚቀዳ አወቀ። ይህ መመርመሪያ ከወሰኑ አጠገብ ባሉት ጉድጓዶች ላይ ሊሳሳት ይችል ነበር፤ ስለዚህ እጅግ የከፋውንና እጅግ ደኅናውን በመስክ መለየት፥ አጠራጣሪውን ደግሞ ለላቦራቶሪ መተው ይገባል። ላቦራቶሪው ሁሉን ልመርምር ቢል ሁሉን ያዘገያል፤ የሚያጠራጥረውን ብቻ ቢቀበል ግን ለእያንዳንዱ ተገቢውን ጊዜ ይሰጣል።

ሁለተኛው ሥርዓት ናሙናን በቡድን መመርመር ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካዊው ሮበርት ዶርፍማን በጽሑፍ ያቀረበው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ቂጥኝ ምርመራ ነበር፤ ለውትድርና የሚመለመሉትን ወጣቶች ደም አንድ በአንድ ከመመርመር፥ ከብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ቀላቅሎ መመርመርና በድብልቁ ላይ ምልክት ሲታይ ብቻ ወደ እያንዳንዱ መመለስ እንደሚቻል አስረዳ። በውሃም እንዲሁ ነው። የ40 ጉድጓዶች ውሃ በአራት በአራት ቢቀላቀል 10 ድብልቅ ይሆናል፤ ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢያጠራጥር የርሱን አራቱን ለየብቻ መመርመር ይበቃል። በ40 ልኬት ፈንታ 14 ልኬት ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ሦስቱ ንጹሓን ውሃዎች የአራተኛውን መርዝ ስለሚያቀጥኑት፥ ለእርሳስ የማጠራጠሪያው ወሰን 0.01 ሳይሆን ለአራት ተከፍሎ 0.0025 ሚሊግራም መሆን አለበት፤ መሣሪያውም ይህን ያህል ጥቂት ነገር የሚለይ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፥ የተበከሉት ብዙ በሆኑበት አገር ዘዴው ይከስራል፤ በየድብልቁ አንድ የተበከለ ቢገኝ 10 እና 40 ተደምሮ 50 ልኬት ይሆናልና። ስለዚህ ብክለቱ ጥቂት በሚመስልበት ስፍራ ብቻ እንጠቀምበት።

ሦስተኛው ሥርዓት ምን እንደሚፈለግ አውቆ መጠየቅ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ በታች ባለ ወንዝ መጀመሪያ የሚፈለገው ክሮሚየም ነው፤ ቆዳ በክሮሚየም ጨው ይለፋልና። የመኪና ባትሪ በሚጠገንበት ግቢ መጀመሪያ የሚፈለገው እርሳስ ነው። «ሁሉም ይመርመር» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ጽሕፈት ቤት ላቦራቶሪውን በከንቱ ያደክማል፤ የቦታውን ታሪክ በሁለት መስመር የሚጽፍ ግን ግማሹን ሥራ ፈጽሞለታል።

ለመቀላጠፍ ሲባል ፈጽሞ የማይነኩ ነገሮችም አሉ። በእያንዳንዱ ዙር ምንም ብረት የሌለበት ንጹሕ ውሃ፥ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፥ ሁለት ጊዜ የሚለካም ናሙና አብረው ማለፍ አለባቸው። ጠርሙሱ ራሱ ቈሽሾ እንደ ሆነ፥ መሣሪያውም ተዛብቶ እንደ ሆነ የሚያሳውቁን እነዚህ ብቻ ናቸው። ጊዜ ይቈጥባል ብሎ እነርሱን የሚተው ሰው ያልተበከለውን ጉድጓድ አዘግቶ የተበከለውን ሊያስጠጣ ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ስለዚህ ነው። የኛ ምኞት ጥድፊያ አይደለም፤ ሥራ ሳይሠራበት የሚያልፈው ቀን እንዲያጥር ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ሲያልፉ የቤትንና የፋብሪካን ፍሳሽ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ በነዚሁ ወንዞች ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ተመራማሪዎችም በዚያ አፈርና አትክልት ውስጥ የመርዘኛ ብረታ ብረትን መጠን በየጊዜው ለክተዋል። በስምጥ ሸለቆ ጥርስን የሚያበላሸው ፍሎራይድ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በአንዳንድ ጉድጓዶች ግን አርሴኒክም ከወሰኑ አልፎ ተገኝቷል።

የተከበራችሁ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች! ላቦራቶሪው ከናንተ ርቆ ቢገኝም የሥራው የመጀመሪያ እጅ የናንተ ሊሆን ይችላል። ናሙና እንድትወስዱ ስትጠየቁ፥ ላቦራቶሪው በሰጣችሁ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ቅዱ፤ የጠርሙሱን አፍ በእጃችሁ አትንኩ። ቦታውን፥ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የቀዳውን ሰው ስም ከመቅዳታችሁ በፊት በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። ከቧንቧ የሚመጣ እርሳስ የሚያጠራጥር ከሆነ ሌሊቱን በቧንቧው ውስጥ ያደረውን የጧቱን የመጀመሪያ ውሃ ቅዱ እንጂ አታፍስሱት። ሕፃናት ከሚጫወቱበት ሜዳ አፈር ስትወስዱ ከላይኛው ገጽ ከብዙ ስፍራ ጥቂት ጥቂት ሰብስባችሁ ቀላቅሉ፤ በጥላ ሥር አድርቃችሁም ላኩ። አሲድ መጨመር የባለሙያ ሥራ ስለ ሆነ ለላቦራቶሪው ተዉት፤ እርሱም ከጨመረ በኋላ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ብረት እንዲላቀቅ እስከ ማግሥቱ ያቆየዋል።

በመጨረሻ ስለ መልሱ አንድ ነገር እንናገር። በባንግላዴሽ ቀይና አረንጓዴው ቀለም በጊዜ ብዛት ለቀቀ፤ ሳይመረመሩ የተቈፈሩ አዳዲስ ጉድጓዶችም በዙ፤ ብዙ ሰዎችም ዳግመኛ ሳያውቁ ጠጡ። ከዚህ የምንማረው፥ ምርመራ የሚፈጸመው ቍጥሩ በመዝገብ ሲጻፍ ሳይሆን ውሃውን የሚቀዳችው ሴት መልሱን ስትሰማ መሆኑን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ናሙናው የተቀዳበትንና መልሱ ለሕዝቡ የደረሰበትን ቀን ጎን ለጎን ቢጽፍ፥ በሁለቱም መካከል ያለውን የቀን ቍጥር በየወሩ ቢያስታውቅ መልካም ነው እንላለን። ይህን ለመጻፍ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የቀኑም ቍጥር ባነሰ መጠን ሕፃናቱ የሚጠጡት መርዝ ያንሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለትም ይህ ነው።