የምንስቀው በማን ነው?

ወጣቶች ሆይ፤ በዚህ በአዲ አርቃይ ማታ ማታ በየሻይ ቤቱ ተሰብስባችሁ የምትከራከሩበትን ነገር እኔ ጡረታ የወጣሁት መምህር ከጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ክርክሩም «ከቴሌቪዥን አስቂኝ ተከታታይ ድራማዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አንዱ «ቤቶች» ይላል፤ ሌላው «በስንቱ» ይላል፤ ሦስተኛው «ምን ልታዘዝን የሚያህል አልተሠራም» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። በስልኩ የውጭ አገሩን የሚያይ ደግሞ የእንግሊዞችንና የአሜሪካኖችን ይጠራል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን የሥራ ፈት ወሬ ይሉታል። እኔ ግን አልልም። አንድ ሕዝብ በምን እንደሚስቅ ማወቅ ጠባዩን ማወቅ ነውና ክርክራችሁ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። የምቃወመው የያዛችሁትን ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው ሚዛናችሁ የተመልካች ብዛት ነው። ነገር ግን ብዛት የሚያሳየው የገበያውን ስፋት እንጂ የዕቃውን ጥራት አይደለም። ሁለተኛው «እኔን ይበልጥ ያሳቀኝ» የሚለው ነው። ሰካራም ከቦይ ውስጥ ሲወድቅ ያየ ሁሉ ይስቃል፤ ለዚህ ግን ደራሲም ተዋናይም አያስፈልግም። ሦስተኛው የዘመን ርዝመት ነው። «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የእንግሊዞች ድራማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ስድስት፣ በ1979 ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም በ2000 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ባወጣው ዝርዝር ከአገሩ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ሆኗል። ስለዚህ ሦስቱም ሚዛኖች ጎደሎ ናቸው።

እኔ የማቀርበው ሚዛን ይህ ነው። የምንስቀው በማን ነው? በምኑስ ነው? ከሳቅንስ በኋላ የሚያፍረው ማን ነው?

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቁም ነገር ያለው ሳቅ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበረ። የፎገራው ተወላጅ የጎንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሃና በአቋቋም ሙያቸው የተከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ስማቸው በሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ የኖረው መኳንንቱን እንኳ በማይምረው ቀልዳቸው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚለውን ቴአትር ሲያሳዩ፣ በአውሬዎቹ አማካይነት የተነኩት ሹማምንት ነበሩ፤ ስለዚህም ቴአትሩ ተከለከለ። በፈረንሳይም አገር የሞሊየር «ታርቱፍ» በ1664 ታይቶ ወዲያው በአደባባይ እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር፤ የተፈቀደው በ1669 ነው። መንግሥቱ ለማም በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረውን የባላባት ልጅ ከቤት ሠራተኛይቱ ጋር ሲያጋቡ፣ ያሳቁን በሠራተኛይቱ ድኽነት አይደለም፤ በዘር በሚኮሩት ሰዎች ትዕቢት ነው።

ወደ እንግሊዞቹ ሆቴል እንመለስ። ባለቤቱ ሐሰተኛውን ጌታ እውነተኛ መስሎት እየሰገደ ሲያስተናግደው፣ የቀሩትን እንግዶች ያንጓጥጣል። የእስፔኑ አሳላፊ ቋንቋ ባለማወቁ ይሳቅበታል ብትሉኝ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድምፁን ከፍ ስላደረገ ብቻ የሚገባው እየመሰለው የሚጮኽበት ጌታው ይበልጥ ይሳቅበታል። የጥሩ ኮመዲ ምልክቱ ይህ ነው፤ ሳቁ ከታችኛው ተነሥቶ ወደ ላይኛው ይወጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድለት ልምጣ። ከቴሌቪዥን ቀልዶቻችን መካከል ገጠሬው ብቅ ብሎ አፉን ሲከፍት ብቻ ሳቅ የሚጠብቁ አሉ። ምንም ሞኝነት አልሠራም፤ የሚሳቅበት በአነጋገሩ ነው። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ሳለ፣ እናቱ በእንግዳ ፊት ሲናገሩ አንድ ባለቀልድ ገጠሬን በሚመስልበት ድምፅ ቃላቸውን እየደገመ አሳቀብን። እናቱም አብረው ሳቁ። ነገር ግን እንግዶቹ ተነሥተው እስኪሄዱ ድረስ ዳግመኛ አልተናገሩም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የዛሪማን ወንዝ በክረምት የተሻገረ ሰው የዚህን ትርጕም አይጠይቅም። ከሊማሊሞ በላይና ከሊማሊሞ በታች የሚነገረው አማርኛ፣ አጠገባችንም የሚነገረው ትግርኛ፣ የአባቶቻችን ሀብት እንጂ መሳለቂያ አይደለም። በእናቱ አንደበት ማፈር የተማረ ልጅ ነገ በእናቱ እጅ ሥራና በእናቱ ምክር ማፈሩ አይቀርም።

«እንግዲህ ገበሬ ቅዱስ ነው? አይሳቅበትምን?» የሚል ይኖራል። ይሳቅበት እንጂ! በስስቱ፣ በጉራው፣ በድንበር ነገር ወንድሙን ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ይሳቅበት። ጥፋት ሰው ሊተወው የሚችለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ሳቁ ያርመዋል። አነጋገርና ድኽነት ግን ጥፋት አይደሉም፤ በእነርሱ መሳቅ የሚያርመው ነገር የለም።

ነገሩን ሁሉ በደራሲ ላይ ብቻ አንጣል። አሜሪካኖች ከ1971 እስከ 1979 «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚል ድራማ ነበራቸው፤ አርቺ የተባለው አባወራ ሌላውን ዘር ሁሉ የሚንቅ ሰው ስለ ነበረ ደራሲዎቹ ያሳዩት ሊሳቅበት ነው። ነገር ግን በ1974 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ራሳቸው ንቀት የነበረባቸው ተመልካቾች አርቺን የማድነቅ ዝንባሌ ነበራቸው። ደራሲው መስተዋት ቢሰጥ እንኳ ተመልካቹ በውስጡ የሌላውን ፊት ብቻ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ተመልካችም ኀላፊነት አለበት።

ፍርዴን ሳልደብቅ ልናገር። «ቤቶች» አባወራውንና እመቤቲቱን፣ ልጆቹንና ሠራተኛይቱን በአንድ ጣራ ሥር አድርጎ ቤተ ሰብን አንድ ላይ አስቀምጦ ለብዙ ዓመት ስላሳቀ ምስጋና ይገባዋል። ብልጫውን ግን ለ«ምን ልታዘዝ» እሰጣለሁ። በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን ስናየው፣ ያገርን አስተዳደር ጉዳይ በአንዲት ካፌ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሳቁን ወደሚያዝዙት ሰዎች አቅንቷልና። ይህን የማይቀበል ካለ ይከራከረኝ፤ ነገር ግን በሚዛኑ ይከራከረኝ።

ነገ ማታም ስትሰበሰቡ «ማን አሳቀህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «በማን ሳቅህ? እርሱ ራሱ አጠገብህ ቢቀመጥ ኖሮ ያንኑ ያህል ትስቅ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁ። አጠገቡ ተቀምጦ ሊሳቅ የማይቻል ሳቅ ንቀት ነው፤ ንቀትን ደግሞ ማንም ታላቅ ሥራ ብሎ ሊጠራው አይገባም።