ሽቶ ቤት ውስጥ መስራት ክፋት የለውም፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግን ምንድነው?

ዛሬ ስለ ሽቶ ነው። «ሐኪም ደግሞ ስለ ሽቶ ምን አገባው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

በቅርቡ ለስራ ጋምቤላ ክልል፣ ዲማ ነበርኩ። ለማታውቋት፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ቆላው ሲወረድ የምትገኝ፣ ወጣቱ ወርቅ ቆፍሮና አጥቦ የሚያድርባት ከተማ ናት። ሙቀቱ አይጣል ነው! ጠዋት ታጥበህ ወጥተህ እረፋዱ ላይ ሸሚዝህ ይጨመቃል። እንደዚህ ባለ ቦታ ሽቶ ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

አንዲት ወጣት አንገቷ ላይ ከጆሮዋ ስር ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ይዛ መጣች። በመጀመሪያ ቀልቶና ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጎረቤት «ምች ነው» ብሏት ዳማከሴ ስትቀባበት ሰንብታለች። እኔ ግን ቅርጹን ሳየው ጠብታ ወርዶ የደረቀበት መሰለኝ።

«ሽቶ ትቀቢያለሽ?»

«ራሴ ነኝ የምሰራው ዶክተር!» አለችኝ በኩራት። ስልኳ ላይ ቪዲዮ አይታ ነው የተማረችው። ስፒሪት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። በትንንሽ ጠርሙስ አድርጋ ለወርቅ ሰራተኞች ትሸጣለች፤ የቤት ኪራይ የምትከፍለው በእሱ ነው።

ጥፋተኛው ሎሚው ነው። የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ፣ በተለይ ልጣጯ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላት። ይሄ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። አለርጂ አይደለም፣ ማንም ላይ ይደርሳል። በአንድ ሁለት ቀን ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ሎሚ ለፊት ጥራት ብላችሁ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ የምትወጡም ይሄ ለእናንተም ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው መልሷ ነው። «ስፒሪቱን ከየት ነው የምታመጪው?» ስላት፣ ምንም ጽሁፍ ከሌለው ጀሪካን ቀንሶ ከሚሸጥ ሰው ነው አለችኝ።

አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም። ለሽቶ የሚሆነው ኢታኖል ነው። ሜታኖል የሚባለው ወንድሙ ግን ለቀለምና ለፋብሪካ ስራ የሚውል መርዝ ነው። በመልክም በሽታም አትለዩትም፣ እኔም አልለየውም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተቀይሮ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ ሜታኖል የጠጣ ሰው ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ደግሞ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ይተኛል። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢራን ውስጥ በኮሮና ሰሞን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሞቱት በዚሁ ነው።

«እኛ እንቀባዋለን እንጂ አንጠጣውም» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ አንገት ላይ ጠብ በማድረግ ብዙ አይገባም። ግን በሯን ዘግታ ከጀሪካን የምትቀዳው ልጅ ትነቱን ትስባለች፣ እጇም ይነከራል። የተረፈውን ደግሞ የት ነው የምናስቀምጠው? ሃይላንድ ውስጥ! ውሃ የጠማው ልጅ ያንን አይለይም።

እሳቱንም አትርሱ። ኢታኖል ከ20 ዲግሪ በታችም የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ዲማ ውስጥ እንግዲህ ሁሌም ዝግጁ ነው ማለት ነው። ከአጠገቡ የቡና ከሰልና የእጣን ማጨሻ አለ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ከተቃጠላችሁ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ ኮልጌትና ቅቤ አይቀባም።

«ታዲያ ገዝተሽ ተቀቢ ብትላት አይሻልም?» ያለኝ የሙያ ባልደረባ ነበር። አልስማማም። መንገድ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠውስ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ቢያንስ እሷ የጨመረችውን ታውቃለች። እንጀራዋን ከምነጥቃት አሰራሩን ባስተካክልላት ይሻላል።

ደግሞ ሽቶ የግድ አልኮል አይፈልግም። እናቶቻችን ቅቤውን በአደስ አሽትተው፣ ልብሱን በእጣን አጥነው ነው የኖሩት። በነገራችን ላይ የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሽታው እንዲቆይላቸው የሚጠቀሙበት ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ይሄድ የነበረው ከዚሁ ከእኛ ነው፣ ጅማና ከፋ አካባቢ። (እንስሳው በጠባብ ቀፎ ስለሚሰቃይ ዛሬ በፋብሪካ በተሰራው መተካቱ ደስ ይለኛል።)

ስለዚህ ያልኳት ይህን ነው። ስፒሪቱን ተይውና በሰሊጥ ዘይት ስሪ። የደረቀ ጽጌረዳ ወይም የተወቀጠ እጣን ዘይቱ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሁለት ሳምንት ጥላ ቦታ አስቀምጪ፣ አጥሪው። እርጥብ ነገር አይግባ፣ ይሻግታል። ቀረፋና ቅርንፉድ ቆዳ ያስቆጣሉ፣ ይቅሩ። ከመሸጥሽ በፊት ክንድሽ ውስጠኛው በኩል ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። የግድ በአልኮል ካልሽ፣ ከፋርማሲ የታሸገና «ኢታኖል» የሚል ጽሁፍ ያለውን ብቻ። (ዳግም አረቄስ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ውሃው ስለሚበዛ የሽታው ዘይት በደንብ አይሟሟም፣ ይደፈርሳል።)

ከመመለሴ በፊት አዲሱን ይዛልኝ መጣች። ሽታው ደስ ይላል፣ ለስለስ ያለ ነው። ጥቁረቱ አልለቀቃትም፣ ሻርፕ አድርጋበታለች። «ግን ዶክተር፣ ሰው የሚወደው የሎሚውን ነበር» አለችኝ። «እንግዲያው ልብስ ላይ ብቻ ይረጩት» አልኳት።

ሳቀች። «ወርቅ የሚያጥብ ሰው እኮ ልብሱን አውልቆ ነው የሚውለው!»