ትናንት ትክክል የነበረ መልስ

የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ክብረ ወሰን የማን ነው? በአርሲዋ በቆጂ ይህን የተጠየቀ ሰው፣ ጥያቄው ሳያልቅ "ቲኪ ገላና!" ቢል አይፈረድበትም። ቲኪ የከተማዋ ልጅ ናት። ሐምሌ 29 ቀን 2004 ዓ.ም. በዝናብ በራሰው የለንደን ጎዳና 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጣ ወርቁንም ክብረ ወሰኑንም ይዛ ተመልሳለች። መልሱ ለ12 ዓመት ትክክል ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲፋን ሐሰን ፓሪስ ላይ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ስትገባ ግን መልሱ አረጀ። ሲፋን የሮጠችው ለኔዘርላንድስ ነው፤ ያደገችው ደግሞ አርሲ ውስጥ፣ ቀርሳ። ክብረ ወሰኑ ከአርሲ ልጅ ወደ አርሲ ልጅ ተላለፈ፣ የተለወጠው ባንዲራው ነው።

ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለው ነገር ፈተና ላይ የሚወድቀው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር፣ በሚኒ ሚዲያ ዝግጅት፣ በቴሌግራም ቻናሎችም፣ ወቅታዊ ጉዳይ ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ወቅት የለውም። ጥያቄው ከዓመት ዓመት ይገለበጣል፣ መልሱም አብሮት። ተሸላሚው ደብተርና እስክሪብቶውን ይዞ ይሄዳል፤ የሸለመው መልስ ከሁለት ዓመት በፊት ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ስንት ክልል አላት? ታላቅ ወንድሙ ባጠናበት መጽሐፍ ያጠና ልጅ 9 ይላል። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን ችሎ ሲወጣ 10 ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ክልሎቹ 12 ደረሱ፣ የቀድሞው "ደቡብ ክልል" ስምም ከካርታው ጠፋ። በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥ አንዱ ጥያቄ አራት ትክክለኛ መልሶች ነበሩት። "9" ያለውን ልጅ ዜሮ ሰጥቶ ከማስቀመጥ ይልቅ "እስከ መቼ ነበር 9 የነበሩት?" ብሎ መጠየቅ ስለ አገሪቱ ፖለቲካ የበለጠ ያስተምራል። እንዲህ የሚጠይቅ አወዳዳሪ ግን ብዙ አይገኝም።

የሥራ ቃለ መጠይቅም ከዚህ አይሻልም። አመልካቹ በዋዜማው የሹማምንትን ስም ሲያነበንብ ያድራል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት? ታዬ አጽቀ ሥላሴ፣ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፤ ከእሳቸው በፊት ሣህለወርቅ ዘውዴ። ጥሩ። ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሥልጣን በምን ይለያሉ የሚለው ጥያቄ ሲከተል ነው ዝምታው የሚመጣው። ስምን መያዝ የቃል ጥናት ነው፤ የስልክ ቁጥር እንደመያዝ። ለነገሩ፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ሁለተኛውን ጥያቄ የሚተዉት መልሱን ስለማያውቁት ይሆን የሚል ጥርጣሬ አለ።

ዓመተ ምሕረቱም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። "በ2012 ምን ሆነ?" የሚል ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት መልስ አለው። በፈረንጆቹ ከሆነ ቲኪ ለንደን ላይ ያሸነፈችበት ነው። በእኛ ከሆነ ግን ሌላው የበቆጂ ልጅ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ለ16 ዓመት ይዞት የቆየውን የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በነሐሴ ወር ሞናኮ ላይ ለዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ያስረከበበት ነው። በአንዱ 2012 የበቆጂ ደስታ፣ በሌላው 2012 የበቆጂ ኀዘን። ጥያቄ አውጪው "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." የምትለዋን ከዘለላት፣ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ትክክል ሆነው አንዱ ይሸነፋል።

የአርሲዋ አሰላም ከዜና ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት። ሞስኮ ላይ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ከአሰላ ወጣ ባለ ገጠር የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ልጁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በዚያን ዕለት "የ10 ሺህ ሜትር አሸናፊ ማነው?" ተብሎ ቢጠየቅ ከነሰከንዱ ይመልስ ነበር ብሎ መገመት አይከብድም። ዜናው ለእሱ የሚያዝ ስም አልነበረም። ማለዳ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሮጥበት 10 ኪሎ ሜትር ትርጉም የሰጠ ነገር ነበር።

ያረጀ መልስ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን በስታዲየም አይደለም፤ በማሳ ላይ ነው። የአርሲ ደጋ የስንዴ አገር ነው። እዚያ "ኩብሳ" የሚባለው ዝርያ ለዓመታት የገበሬው ምርጫ ሆኖ ኖረ። "ምን ልዝራ?" ለሚል ጎረቤት መልሱ የታወቀ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ገባ፤ ቅጠሉ ላይ እርድ የተነሰነሰ እስኪመስል ድረስ ማሳውን አለበሰው፣ ኩብሳም ክፉኛ ተመታ። በምትኩ በሰፊው የተዘራው "ዲገሉ" የሚባለው ነበር፤ ስሙ እንኳ የአርሲውን ዲገሉ የሚያስታውስ። ዲገሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል፤ መጀመሪያ ዩጋንዳ ውስጥ ታይቶ የዓለምን የስንዴ ተመራማሪዎች እንቅልፍ ለነሣው የግንድ ዋግም አልተበገረም። አዲሱ መልስ ይህ ሆነ። ግን በ2006 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ ባሌንና አርሲን አዳረሰ፤ ዲገሉ ለዚህኛው አልተዘጋጀም ነበር። ቀድሞ ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነበረ፤ ነፋሱ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ።

ከአሰላ በአዳማ መንገድ ወጣ ሲሉ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራው በከፊል ይኸው ነው፤ ያረጀ መልስን በአዲስ መተካት። ዋግ ራሱን ስለሚለዋውጥ የሚቋቋም ዝርያ ማውጣት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ አሰላ ውስጥ የሚዘጋጅ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር "ዘንድሮ ዋግ የመታው ስንዴ የትኛው ነው? ለምን?" ብሎ ቢጀምር፣ ከተማሪዎቹ ይልቅ በአጥሩ የሚያልፉት ገበሬዎች እጃቸውን ያወጡ ነበር። የብርና የዶላርም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቁጥሩን መሸምደድ ቀላል ነው። ይህ ከውጭ ከሚገባ ማዳበሪያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያለ መምህር የገባው የአርሲ ገበሬ ብዙ ነው።

አሰላን በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር ያስተዋወቃት ካዱ የሚባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ነበር። ከዚያችው ስዊድን የተነሡት የጤና ፕሮፌሰር ሐንስ ሮስሊንግ ከቤተሰባቸው ጋር የመሠረቱት ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በ14 አገሮች ለሚኖሩ 12 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ስለ ዓለም ሁኔታ 12 ጥያቄዎች አቀረበ፤ እያንዳንዱ ሦስት ምርጫ ያለው። በአማካይ የተመለሰው 2 ነበር። በዘፈቀደ የሚነካ ቺምፓንዚ እንኳ 4 ያገኛል ይሉ ነበር ሮስሊንግ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓለም ላይ ካሉ የአንድ ዓመት ሕፃናት ምን ያህሉ ክትባት አግኝተዋል የሚል ነው፤ መልሱ 80 በመቶ፣ በትክክል የመለሱት 13 በመቶ ብቻ። ሰዎቹ ያልተማሩ አልነበሩም። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው የያዙትን የዓለም ሥዕል ሳያድሱ ያረጁ ናቸው፤ የ9 ክልሉ ልጅ የአጎት ልጆች።

ዕድሳቱን በባህል የያዙም አሉ። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰዉ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ሰሚውም በዐይንህ አየህ ወይስ ሰማህ፣ መቼ ነበር፣ ማን ነገረህ እያለ ያጣራል። ከዚያ ለቀጣዩ ማድረስ ግዴታው ነው። ያለ ወረቀትና ያለ ሽልማት፣ የዜና ፈተና ማለት ይህ ነው።

የትምህርት ቤቶቹን ጥያቄ ለማስተካከል ብዙ አያስፈልግም። በወረቀቱ ራስ ላይ የተዘጋጀበት ቀን ይጻፍበት። ለመልሱ አንድ ነጥብ፣ "ከመቼ ወዲህ?" ለሚለው ሌላ አንድ ይሰጥ። የማራቶኑ ጥያቄ ቢያንስ እስከ ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ድረስ መልሱ አይለወጥምና ለሙከራ ይበጃል። "እስከ 2016 ዓ.ም. ቲኪ፣ ከዚያ ወዲህ ሲፋን" የሚል ልጅ ሁለቱንም ነጥብ ይውሰድ። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ልዩነት በቃሉ አስልቶ "12 ሰከንድ፣ 12 ዓመት ፈጅቶ" የሚል ከመጣ ደግሞ፣ አወዳዳሪው ሌላ ደብተር ቢጨምርለት አይከፋም።