ምራቅ ያልደረሰው ጥርስ

ጥርስን ያለ ሽቦ የሚያስተካክለውና አላይነር በሚል ስም የታወቀው ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ሽፋን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ አንድ ኩባንያ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ለጎንደር ተማሪ ገና እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለጥምቀት ከባሕር ማዶ በመጣ ዘመድ አፍ ውስጥ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም፤ ነገ ደግሞ የብዙ ወጣቶች ምኞት መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ሽፋን ሲወራ የምንሰማው ስለ ዋጋው፣ ስለ ውበቱና በቀን ስንት ሰዓት ሊደረግ እንደሚገባ ነው። ስለ ምራቅ የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመንም። በእኛ አስተያየት፣ በተለይ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው፣ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

ምራቅ ከ99 በመቶ የማያንሰው ውሃ ነው። ሦስት ጥንድ ዐበይት እጢዎችና በአፍ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እጢዎች በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ያህል ያመነጩታል። በቀሪው አንድ በመቶ ውስጥ አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት፣ እንዲሁም ለጥርስ የውጭ ሽፋን ለኢናሜል ጥገና የሚያገለግሉት ካልሲየምና ፎስፌት ይገኛሉ። ስኳር የበላን እንደሆነ በጥርስ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ሮበርት ስቴፋን የተባለው ተመራማሪ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ አፍ በስኳር ውሃ ከተጉመጠመጠ በኋላ ፒኤቹ በደቂቃዎች ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን የመመለስ ሥራ የሚሠራው በዋናነት ምራቅ ነው።

እንግዲህ ጥርሱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሳለ ይህ አጣቢ እንዴት ይደርስለታል? ሽፋኑ እጢዎችን አይጎዳም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ የገባበትን ባዕድ ነገር እንደ ምግብ ቆጥሮ ምራቁን ሊያበዛ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። የተመረተው ምራቅ በሽፋኑና በጥርሱ መካከል እንደ ልቡ አይዘዋወርም። ስለሆነም ከሥር የገባ ስኳር ወይም አሲድ ቶሎ የሚያጥበው ስለማያገኝ እዚያው ይቆያል። የምራቁ መጠን ራሱ የቀነሰ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

የጎንደርና የሰሜን ተራሮች አየር ወደ ነገሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በጎንደር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ለመጉደል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ በደባርቅ ደግሞ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በቀላሉ ይተናል፤ ከፍታውን ያልለመደ እንግዳም ትንፋሹ ይፈጥናል። በበጋ ሌሊት ብርዱ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 44 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል፤ በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም እንኳ አይሞላም። ወደ ውስጥ የምንስበው ቀዝቃዛ አየር ሳንባ እስኪደርስ ድረስ ልዩነቱን የሚሞላው ከእኛው እርጥበት ወስዶ ነው። አፍንጫ ብልህ ስለሆነ አየሩ ሲወጣ ከሰጠው ውሃ ከፊሉን ያስመልሳል፤ በአፉ የሚተነፍስ ሰው ግን ይህን ቁጠባ ያጣል። ሌሊት ደግሞ የምራቅ ምንጭ ወደ መንጠፍ ይቃረባል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ባለ ሽፋን ማለዳ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ቢነሣ ምክንያቱ ይህ ነው።

የአየሩን ድርቀት ማስቀረት አንችልም፤ የአኗኗራችንን ግን ልናጤነው ይገባል። ሽፋኑ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት እንዲደረግ ይታዘዛል። ለ22 ሰዓት የታዘዘለት ሰው ለመብላት፣ ለመጠጣትና ጥርሱን ለመቦረሽ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቢወስዱ አርባ ደቂቃ ይተርፋል። ታዲያ አቦል፣ ቶናና በረካ በአርባ ደቂቃ የሚያልቁበት ቤት የት አለ? ቡናውን ትቶ መነሣት በጎረቤት ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሽፋኑን ሳያወልቅ ስኳር የገባበትን ቡና ይጠጣል፤ ስኳሩ ከሥር ይገባል፤ ትኩሱ ቡና ፕላስቲኩን ሊያጣምመው፣ ቀለሙም ሊያበላሸው ይችላል። በእኛ እምነት ከሁለቱ አንዱ ግድ ከሆነ የአንድ ሰዓት መጉደል ይሻላል። የዘገየ ጥርስ ሐኪሙ የሽፋኑን መቀየሪያ ቀን ቢያራዝም ሊካስ ይችላል፤ የተቦረቦረ ኢናሜል ግን ተመልሶ አይበቅልም። ከሁሉም የሚሻለው ቡናውን ከምሳ ጋር አያይዞ፣ አንዴ አውልቆ ሁለቱንም መጨረስ ነው።

በአንዳንድ ተማሪዎች ዘንድ ለጥናት ያግዛል እየተባለ የሚቃመው ጫትም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አፍን ያደርቃል፤ ድርቀቱን ለማስታገስ በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ይጠጣል። ሽፋን ላደረገ ሰው ከዚህ የከፋ ጥምረት ማሰብ ያስቸግረናል።

ስለ ጾም ግን ጥንቃቄ የተሞላበት አነጋገር ያስፈልጋል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው መመሪያ «ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ለማይቀምስ ምእመን፣ ወይም በረመዳን እስከ መግሪብ ለሚጾም ሰው ምን ይጠቅመዋል? ጾመኛው የሚበላበት ጊዜ ጥቂት በመሆኑ ሽፋኑን ለረጅም ሰዓት ማድረግ አይቸግረውም፤ ቀኑን ሙሉም ስኳር አይገባበትም። የሚቸግረው ድርቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን ከማታ እስከ መኝታ፣ ለሱሑር የሚነሣውም ከንጋት በፊት፣ ከፋፍሎ ይጠጣ፤ ጥርሱን ሳይቦርሽ ሽፋኑን አይመልስ። ሙስሊሙ ለዉዱእ ሲጉመጠመጥ ሽፋኑን አውልቆ ቢያለቀልቀው ሁለት ጥቅም ያገኛል። ክርስቲያኑም ሽፋኑን ከአፉ አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ማጠቡ ጾሙን የሚነካ አይመስለንም፤ የመጉመጥመጡን ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከርበት።

በዘወትር ቀን ግን መድኃኒቱ ቅርብ ነው። ስኳርም ቀለምም የሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ሽፋኑ ሳይወልቅ የሚጠጣ ብቸኛው መጠጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሽፋኑ በወጣ ጊዜ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ እጢዎቹን ይቀሰቅሳል። የወይራ መፋቂያም ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ ከተፋቀበት ያጸዳል፤ መታኘኩም ምራቅ ያመጣል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ መቦረሹ ግን በመፋቂያ አይተካም። ሎሚ መምጠጥ ምራቅ ቢያመነጭም አሲዱ ኢናሜልን ስለሚጎዳ አንመክረውም።

አፉ ለሳምንታት ደርቆ የከረመበት ሰው ሁሉንም በሽፋኑ አያሳብ። ለአለርጂና ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ምራቅን ይቀንሳሉ፤ ከብርቱ ጥማትና ከሽንት መብዛት ጋር የመጣ ድርቀትም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት፣ የጤና ባለሙያዎቹን ከከተማ አውጥቶ በየገጠሩ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር እያገናኘ ያሠለጥን ነበር። ያንኑ ልማድ በዚህ ትንሽ ጉዳይም ብናየው ደስ ይለናል። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ የቡናውን ሰዓት፣ የጾሙን ወራትና የደባርቅን ሌሊት ያገናዘበ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ ያዘጋጁ። ሽፋን የሚያደርገው ሰው ከመብዛቱ በፊት ቢደርስ ይመረጣል።